ባሕር ተሻግረው ልጆቻቸውን ስለሚጠይቁ ወላጆች

በሮቤና በጎባ ከተሞች፥ እንዲሁም በዙሪያቸው በሚገኙት በሲናና፥ በአጋርፋና በጋሰራ የስንዴና የገብስ አገሮች፥ ልጃቸው ባሕር ማዶ የሚኖርባቸው አባቶችና እናቶች ዛሬ ጥቂቶች አይደሉም። ቀድሞ አንድ ልጅ ለትምህርት ወይም ለሥራ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሲገባ «ልጃችን ራቀ» ተብሎ በቤተ ዘመዱ ይወራ ነበር። ዛሬ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር መለካቱ ቀርቶ በቆንስላ ቀጠሮ የሚለካ ሆኗል። ልጁ በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ፥ በቶሮንቶ ወይም በሜልቦርን ትዳር ይዞ ልጅ ወልዶ ይኖራል፤ ወላጆቹም የልጅ ልጃቸውን ፊት የሚያውቁት በስልክ መስተዋት ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ በየቤቱ «እማዬን እናምጣት፥ አባዬን እናሳየው» የሚል ምክር ይመከራል። ይልቁንም ሴት ልጅ በፀነሰች ጊዜ ምክሩ ይበረታል፤ እናት ሄዳ ልጇን ልታርስ፥ ገንፎውን ልታገነፋ፥ ሕፃኑን ልታጥብ ይገባታልና። የወንድ ልጅ ክርስትና በ40 ቀን፥ የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ስለ ሆነ፥ አያት ደግሞ ያን ቀን ሳታይ ልትመለስ አትወድም። እናቲቱ ልጇ ልትወልድ አንድ ወር ሲቀራት ብትሄድ፥ ክርስትናው እስኪፈጸም ከሁለት እስከ አራት ወር ያህል ሆነ። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተ ሰብ ፈቃድ ሕግ ለወላድ የሚያረጋግጥላት 12 ሳምንት ብቻ ነው፤ ይህም ያለ ደመወዝ ነው፤ እርሱንም ቢሆን ሁሉም ሠራተኛ አያገኘውም። እንግዲህ ወላዲቱ ወደ ሥራዋ በተመለሰች ጊዜ ሕፃኑ ገና ራሱን ችሎ አልተቀመጠም። አያት ሻንጣዋን ማሰናዳት ስትጀምር ልጅ ታለቅሳለች። «እማዬ፥ ገና መቼ ጠገብንሽ? ቪዛሽን እናሳድሰዋለን» ትላለች።

ይህ «ቪዛ ማሳደስ» የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንመረምር አስበናል። ቃሉ በየቤቱ ይነገራል፤ ነገር ግን በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ሁለት ስለ ሆኑ፥ ብዙ ቤተ ሰብ በዚሁ ስም ተሳስቶ ይጎዳል።

ቪዛ ማለት በፓስፖርቱ ገጽ ላይ የሚለጠፍ፥ ወደ አገሩ በር ለመቅረብ የሚያበቃ ፈቃድ ነው። የቆይታ ፈቃድ ማለት ደግሞ መንገደኛው አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ በድንበር ሹም ፊት ሲቆም «እስከዚህ ቀን ድረስ ተቀመጥ» ተብሎ የሚሰጠው ነው። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ወደ ድግሱ ቤት ያስገባል፤ እንግዳው እስከ መቼ እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ግን ባለ ድግሱ ነው። በአሜሪካ አገር ለጥየቃ የገባ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቆይታ ስድስት ወር ነው። ይህም ቀን አይ-94 በሚባለው መዝገብ ይጻፋል። መዝገቡ ቀድሞ በፓስፖርቱ ውስጥ የሚሰፋ ትንሽ ነጭ ወረቀት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ግን በአውሮፕላን ለሚገቡ ሁሉ በኮምፒዩተር ብቻ ስለሚያዝ፥ ልጆች በኢንተርኔት ፈልገው ካላወጡት ወላጅ በእጁ የሚይዘው ነገር የለም።

ይህን ልዩነት አለማወቅ በሁለት ወገን ያሳስታል። ቪዛቸው ለረዥም ዘመን የተሰጣቸው ወላጆች «ቪዛዬ ገና አልተቃጠለም» ብለው የቆይታቸውን ቀን ያሳልፋሉ። በሌላው ወገን ደግሞ፥ የአሜሪካ መንግሥት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻና ለሦስት ወር እንዲሆን ስላደረገ፥ በዚህ ዐይነት ቪዛ የገቡ እናቶች ሦስቱ ወር ሲሞላ «ጊዜዬ አለቀ» ብለው ይጨነቃሉ። ሦስቱ ወር የመግቢያው ዘመን ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚቆዩበት ዘመን በአይ-94 የተጻፈው ነው። ነገር ግን ይህ አዲስ ሥርዓት ሌላ ክብደት አመጣ። ቀድሞ ብዙ ጊዜ የሚያመላልስ ቪዛ የያዘች እናት ስንዴዋን አሳጭዳ፥ ፋሲካን ከጎረቤቶቿ ጋር ውላ፥ እንደ ገና ልትሄድ ትችል ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ከወጣች ለመመለስ አዲስ ክፍያ፥ አዲስ ቀጠሮ፥ አዲስ ምርመራ በአዲስ አበባ ይጠብቃታል። ስለዚህ ልጆች «ከምትወጪ እዚያው ይራዘምልሽ» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀኑን ስለ ማንበብም አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም ትልቅ ጥፋት ያመጣልና። በአሜሪካ ሰነድ ላይ 08/06/2026 ተብሎ ቢጻፍ፥ በእነርሱ ልማድ ወሩ ስለሚቀድም የነሐሴያቸው፥ ማለት የኦገስት 6ኛ ቀን ነው፤ ይህም በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያው ቁጥር በአውስትራልያ ወይም በእንግሊዝ ወረቀት ላይ ቢገኝ ቀኑ ስለሚቀድም ጁን 8 ይሆናል፤ በእኛም ሰኔ 1 ቀን ነው። በሀገራችን ቆጠራ ያደገ አባት ደግሞ ስምንተኛውን ወር ሚያዝያ ብሎ ያነበዋል፤ ዓመተ ምሕረቱንም አይቶ «ገና ስምንት ዓመት አለኝ» ሊል ይችላል። እናቶቻችን ዘመናቸውን የሚቆጥሩት በታቦት ቀን ነው፤ እንግዲህ «ጊዜሽ የሚያልቀው በሐምሌ በዓለ ወልድ ማግስት ነው» ቢሏት ማንም ሳያስታውሳት ታስታውሰዋለች። ከሀገር ቤት የሄደ የግድግዳ ካላንደር በወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሎ፥ ያ ቀን በቀይ ቀለም ቢከበብ፥ ከብዙ የሕግ ምክር ይበልጣል።

ጊዜውን ለማራዘም የሚፈልግ ወላጅ በአሜሪካ የሚሞላው ቅጽ አይ-539 ይባላል። ቅጹ የቆይታው ቀን ከማለፉ አስቀድሞ ለዜግነትና ለኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት፤ መሥሪያ ቤቱም ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ እንዲገባ ይመክራል። ባልና ሚስት አብረው ከሄዱ በአንድ ማመልከቻ ሥር ተጨማሪ ቅጽ አያይዘው ሊያመለክቱ ይችላሉ። ክፍያው ከመጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በወረቀት ለሚያመለክት 470፥ በኢንተርኔት ለሚያመለክት 420 ዶላር ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያሻል። ከቅጹ ጋር ሦስት ነገሮች ይጠየቃሉ፤ ለምን እንደ ዘገዩ፥ በማን ገንዘብ እንደሚኖሩ፥ ወደ ሀገራቸው እንደሚመለሱም የሚያሳይ ማስረጃ። የጎባ ቤታቸው፥ የእርሻ ይዞታቸው ደብተር፥ በሀገር ቤት የቀሩት ልጆቻቸው፥ የጡረታ ደመወዛቸው፥ ይህ ሁሉ ማስረጃ ነው። ይህን ሰነድ ከሀገር ሲወጡ ይዘው ያልሄዱ እንደ ሆነ በኋላ ከሮቤ ማስላክ አድካሚ ይሆናል።

ምክንያቱን ሲጽፉ እውነቱን መጻፍ ነው። ልጅ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከሆነ የሐኪሙ ወረቀት ይያያዝ፤ ክርስትናው ወይም የሌላው ልጅ ሠርግ ቀርቶ ከሆነ ቀኑ ይጠቀስ። ለጥየቃ የሄደ ሰው ሥራ ሠርቶ ደመወዝ መቀበል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አያት የልጅ ልጇን ብታቅፍና ብታስተኛ ማንም አይከሳትም፤ ነገር ግን በሳምንት ጥቂት ዶላር እየተቀበለች የጎረቤት ሕፃን ብትጠብቅ ወይም በወገን ምግብ ቤት እንጀራ ብትጋግር የገባችበትን ፈቃድ አፈረሰች። «ማን ያየናል» የሚሉ መካሪዎች በየስፍራው አሉ። እነዚህ መካሪዎች የኋላውን ቀን ከእርሷ ጋር አይቆሙም።

ማመልከቻው በጊዜው ከገባ፥ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ወላጁ እንደ ሕገ ወጥ አይቆጠርም። መልሱ ግን ብዙ ወር ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ የተለመነው ተጨማሪ ስድስት ወር አልቆ መልሱ በኋላ ይደርሳል። መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ወዲያው መውጣት ይገባል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው በወላጁ ላይ ነውና። ከተፈቀደላቸው ቀን አንድ ቀን እንኳ ያሳለፉ ሰዎች በፓስፖርታቸው ያለው ቪዛ ይሰረዝባቸዋል። ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይተው የወጡ ሦስት ዓመት፥ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ዐሥር ዓመት ተመልሰው እንዳይገቡ ሕጉ ይከለክላቸዋል። የስድሳ አምስት ዓመት አባት ዐሥር ዓመት ሲከለከል ምን ማለት እንደ ሆነ ማስላት አያስቸግርም። እንዲሁ ዐይነት ወላጅ ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ወጥቶ የውጭዎቹን ልጆች ምናልባት ዳግመኛ አያያቸውም፤ ወይ ሳይወጣ ቀርቶ በሀገር ቤት ያለችው እኅቱ ስትሞት በስልክ ያለቅሳል።

«ታዲያ ለምን በቋሚነት አያስመጧቸውም?» የሚል ይኖራል። በአሜሪካ ሕግ ወላጆቹን ለቋሚ መኖሪያ ሊጠይቅ የሚችለው ዜጋ የሆነና 21 ዓመት የሞላው ልጅ ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት በዲቪ ዕጣ የገቡት ወገኖቻችን መጀመሪያ የሚያገኙት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ዜግነት ለመጠየቅም አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ልጅ የሚወለደው በእነዚሁ የመጠበቂያ ዓመታት ውስጥ ስለ ሆነ፥ ለአያት ያላት መንገድ የጥየቃ ቪዛ ብቻ ይሆናል። ቋሚውን ፈቃድ ያገኙ ወላጆችም ቢሆኑ ነገሩ ቀላል አልሆነላቸውም፤ ያ ፈቃድ ለነዋሪ የተሰጠ ስለ ሆነ፥ ከዓመት በላይ ጎባ ተቀምጦ ለሚመለስ ሰው ጥያቄ ያስነሣበታል።

ካናዳ በዚህ ነገር ከጎረቤቷ የተሻለ አስባለች ብንል ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ለወላጆችና ለአያቶች ብቻ የሚሆን ሱፐር ቪዛ የተባለ ፈቃድ አወጣች። ይህ ቪዛ እስከ ዐሥር ዓመት የሚያመላልስ ነው። በመጀመሪያ በአንድ መግቢያ ሁለት ዓመት ያስቀምጥ ነበር፤ ከሰኔ 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን አምስት ዓመት እንዲያስቀምጥ ሆነ፤ እዚያው ሳሉም ለማራዘም ማመልከት ይፈቀዳል። የሚጠየቀው ሰነድ ግን ቀላል አይደለም። ልጅየው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ገቢው ከተወሰነው ልክ ያላነሰ መሆን አለበት፤ በፊርማው የጥሪ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወላጁ የሐኪም ምርመራ ያደርጋል፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚሆንና ከ100,000 የካናዳ ዶላር የማያንስ የሕክምና መድን ይገዛለታል። በተራ የጥየቃ ቪዛ የገባ ወላጅ ግን በዚያም አገር የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ለማራዘምም ቀኑ ከማለፉ 30 ቀን አስቀድሞ እንዲያመለክት ይመከራል።

አውስትራልያ ደግሞ ከሰኔ 24 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ 870 በሚል ቁጥር የሚታወቅ ለወላጆች ብቻ የሆነ ጊዜያዊ ቪዛ መቀበል ጀመረች። ይህ ቪዛ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ነው። አስቀድሞ ልጅየው አስጠሪ ሊሆን እንደሚበቃ በመንግሥት ይመረመራል፤ ከዚያ በኋላ ወላጁ ያመለክታል። ክፍያው በተጀመረበት ጊዜ ለሦስት ዓመት 5,000፥ ለአምስት ዓመት 10,000 የአውስትራልያ ዶላር ነበር፤ ይህም የባሌ ገበሬ የብዙ ዓመት ስንዴ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ሌላ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ወላጁ ከአገሩ ወጥቶ 90 ቀን ውጭ መቆየት አለበት፤ ሁሉም ተደምሮ ከዐሥር ዓመት አያልፍም። ዘጠናው ቀን ለአንዳንዱ ጭንቀት ይሆንበታል። እኛ ግን በዚህ ትእዛዝ ውስጥ አንድ መልካም ነገር እናያለን፤ ወላጅን ወደ ቤቱ፥ ወደ ዕድሩና ወደ አጥቢያው ደብር የሚመልስ ሕግ ነውና።

ወደ አውሮፓ ለሄዱት ቃላችን አጭር ነው። በሼንገን አገሮች ለጥየቃ የገባ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ የሚራዘመውም እንደ ከባድ በሽታ ያለ አስገዳጅ ምክንያት ሲገኝ ነው። በእንግሊዝም የጥየቃው ዘመን ስድስት ወር ሲሆን እንዲራዘም ማሰብ ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ሀገር ቤት ሰነድ እንመለስ። ባሕር ማዶ ያለ ጸሐፊ ከሁሉ አብልጦ የሚያደናግረው የእኛ ስም ነው። በእነርሱ ልማድ ሚስት የባልዋን፥ ልጅም የአባቱን የቤት ስም ይይዛል፤ በአንድ ስም ቤተ ሰቡ ይታወቃል። በእኛ ግን የእናት ፓስፖርት የእርስዋን አባትና አያት ስም ይይዛል፤ የልጇ ፓስፖርት ደግሞ የባልዋንና የአማትዋን። ሁለቱ ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ የሚያገናኛቸው ቃል የለም። ስለዚህ እናትና ልጅ መሆናቸውን የሚናገር የልደት ማስረጃ ያስፈልጋል። በሀገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ታዞ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ዛሬ ባሕር ማዶ ልጅ የሚወልዱት ሰዎች በተወለዱበት ዘመን የብዙዎቹ ስም የተጻፈው በቤተ ክርስቲያን የክርስትና መዝገብ ብቻ ነው። ያም መዝገብ ቢሆን ብዙ ጊዜ የክርስትና ስምን እንጂ የዓለም ስምን አያጎላም። በጎባ ወይም በሮቤ የምትኖር እናት እንግዲህ ከደብሯ ጽሕፈት ቤት የክርስትና ምስክር ወረቀት አውጥታ፥ በከተማው ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የልጇን ልደት አስመዝግባ፥ ፊደሉ ከፓስፖርቷ ፊደል ጋር አንድ መሆኑን አንድ በአንድ ማመሳከር ይኖርባታል። አንድ ስም በአንዱ ወረቀት በአንድ ዐይነት፥ በሌላው በሌላ ዐይነት የላቲን ፊደል ቢጻፍ፥ ለእኛ ያው ሰው ነው፤ ለእነርሱ ግን ሁለት ሰው ነው።

ፓስፖርቱ ራሱ ስንት ጊዜ እንደ ቀረው ማየትም አይዘንጋ። ለማራዘም ሲያመለክቱ ፓስፖርቱ ያልወደቀ መሆን አለበት። ውጭ ሳሉ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማሳደስ ይቻላል፤ ይህም ወራት ስለሚወስድ ከቪዛው ነገር አስቀድሞ ይጀመር።

በቤት የሚቀረውም ንብረት የራሱ ነገር አለው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በበልግና በመኸር፥ የሚዘራበት አገር ነው። ስለዚህ ስድስት ወር የሄደ ገበሬ አንድ ወቅት፥ ቆይታውን ያራዘመ ደግሞ ሁለቱንም አጣ። መሬቱን በእኩል ለማን ሰጠ? የኮምባይኑን ኪራይ ማን ይከፍላል? የጡረታውን ደመወዝ ማን ይቀበልለታል? ከመሄዱ በፊት በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ውክልና ቢሰጥ ሁሉ ይቀልለት ነበር። ሳይሰጥ ከሄደ በኤምባሲ ፊት ፈርሞ መላክ አለበት፤ ወረቀቱም ሀገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ካልሆነ አይሠራም። የዕድሩም ወርኀዊ መዋጮ የሚከፍልለት ሰው ይሻል። በጎባም ሆነ በሮቤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በአንድነት የሚረዳዳበት ባህል ስላለ፥ ያ ስፍራ ባዶ ሆኖ ሲከርም ይታያል።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ወረቀት ነው። ነገር ግን ሊራዘም የሚገባው መሆኑን ማን ነው የሚወስነው? ይህን ሳንጠይቅ ልናልፍ አንወድም።

ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጆች በመካከላቸው ይነጋገራሉ፤ የልጁን መዋያ ኪራይ ያሰላሉ፤ የሚከፈለው ብዙ መሆኑን ያያሉ። ቅጹን በእንግሊዝኛ ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ከእናታቸው ፊት አኑረው «እማዬ፥ እዚህ ላይ ፈርሚ» ይሏታል። እርስዋም ልጆቿን አምና ትፈርማለች። ክፋት አለበት አንልም፤ ፍቅርም ችግርም አንድ ላይ ያደረጉት ነው። ዳሩ ግን ማመልከቻው የልጆቹ ሳይሆን የእናቲቱ ነው። በእርስዋ ስም «የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው» ተብሎ የሚፈረም፥ ሐሰት ቢገኝበት የሚያስቀጣ ቃል ነው። በዚያ በአይ-539 ቅጽ ላይ አንድ ክፍል አለ፤ አመልካቹ እንግሊዝኛ የማያውቅ ከሆነ እያንዳንዱን ጥያቄና መልስ በሚያውቀው ቋንቋ ያነበበለት አስተርጓሚ ስሙን ጽፎ ይፈርምበታል። እኛ ይህ ክፍል ከሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ይታየናል። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፥ ቡና ተፈልቶ፥ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፥ ጥያቄው አንድ በአንድ ይነበብላት። «ለምን ልትቆዪ ፈለግሽ?» የሚለው ጥያቄ በተነበበ ጊዜ የምትመልሰውን መስማት ነው። ምናልባት «የልጄን ልጅ እርምጃ ሳላይ አልሄድም» ትላለች፤ ያን ጊዜ ልጆች በደስታ ይጻፉላት። ምናልባትም ዝም ትላለች።

ዝምታዋ የሚመጣው ከየት እንደ ሆነ የባሌን ደጋ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። በጎባ ማለዳ ተነሥታ ቅዳሴ ሰምታ፥ በመንገድ ከሁሉ ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ፥ የሰኔቲን ተራራ በፊት ለፊትዋ እያየች የኖረች ሴት፥ በሚኒያፖሊስ በጥር በረዶ በአራተኛ ፎቅ ተዘግታ ስትውል ጊዜዋ ሌላ ነው። ልጅና አማች ማለዳ ወጥተው ማታ ይመለሳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለ መኪና አይደረስም፤ መኪናውን የሚነዳው ሰው እሑድም ሥራ አለው። ጎረቤት በር አይንኳኳም። አባት ደግሞ ከእናት ይልቅ ይከፋበታል፤ እርስዋ ሕፃን ታቅፋለች፥ ወጥ ትሠራለች፤ እርሱ ግን መሬት የለው፥ በሬ የለው፥ የሚዳኘው ነገር የለው። ሁለተኛው ስድስት ወር ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሁሉ አዲስ ነው።

በመጽሐፍ እንደ ተጻፈ አባታችን ያዕቆብ ልጁን ዮሴፍን ለማየት ወደ ግብፅ ሲወርድ 130 ዓመቱ ነበረ። ሊጠይቅ ሄዶ 17 ዓመት ቆየ፤ በዚያም በልጁ ክብር ምንም አልጎደለበትም። ያም ሆኖ የሚሞትበት ጊዜ ሲቀርብ ዮሴፍን አስጠርቶ በግብፅ እንዳይቀብረው አማለው፤ ዮሴፍም ማለለት፥ በመሐላውም ጸንቶ ሬሳውን ወደ ከነዓን አወጣ። ያ አባት የሚፈልገውን ለመናገር ጊዜ ነበረው፤ ልጁም ሊሰማው ተቀመጠ። በዛሬው ዘመን ሬሳ ከአሜሪካ ወደ ባሌ ለመመለስ ሰው ሁሉ ተዋጥቶ ብዙ ሺህ ዶላር ሲያወጣ ይታያል። በሕይወት ሳሉ አንድ ትኬት ከመቁረጥ ይህ እንደሚከብድ የታወቀ ነው።

ስለ ጤናም ይህን እንላለን። ለጥየቃ የገባ ወላጅ የአሜሪካን የአረጋውያን የሕክምና መድን አያገኝም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ከሀገር ቤት ይዞ የሄደው ለስድስት ወር ከሆነ፥ ሰባተኛው ወር ላይ ምን እንደሚዋጥ ቀድሞ ይታሰብ። ቆይታው ሲራዘም የመድኑም ጊዜ አብሮ መራዘም አለበት፤ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን አድርገው ሁለተኛውን ይረሳሉ።

የሚመለሱበት ቀን በደረሰ ጊዜ ደግሞ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከአሜሪካ የሚወጣ መንገደኛ በፓስፖርቱ ላይ የመውጫ ማኅተም አይመታለትም። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለተኛው የልጅ ልጅ ተወልዶ አያት እንደ ገና አዲስ አበባ ላይ በቆንስሉ ፊት ስትቆም «በዚያን ጊዜ መቼ ወጣሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። ስለዚህ የመሳፈሪያዋን ቁራጭ ወረቀት፥ ሀገር ቤት ስትገባ የተመታላትን ማኅተም፥ ለማራዘም አመልክታ ከሆነም የተቀበለችበትን ደረሰኝና የመልሱን ደብዳቤ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ የምትበርበትን ትኬት ሳይቀር፥ በአንድ ፖስታ አድርጋ ከፓስፖርቷ ጋር በሣጥኗ ውስጥ ታኑር።